ስምና ተባይ፤ የቀርከሃና የእንሰት ሜሊበጎች ሥነ ምደባ

(በደብረ ታቦር ለተማሪዎች፣ ለመምህራን፣ ለግብርና ባለሙያዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ የድምፅ ቅጂ የተጻፈ። በገለጻው የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዛሬው ርእሴ በመጠን ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ፍጡር ነው። ሆኖም የዚህን ፍጡር ስም በትክክል ማወቅና አለማወቅ የአንድን አገር ሰብል ሊያድን ወይም ሊያጠፋ እንደሚችል በማስረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ። ትኩረቴ በሁለት ተክሎች ላይ ይሆናል፤ አንዱ ለአጥር፣ ለማገር፣ ለወንበርና ለዋሽንት የምንገለገልበት ቀርከሃ ነው፤ ሌላው በደቡቡ የአገራችን ክፍል የሚሊዮኖች ምግብ የሆነው፣ እኛ ዘንድ ግን በአብዛኛው ለዳቦ መጋገሪያ የሚተከለው ኮባ፣ ማለትም የእንሰት ወገን ነው።

ሜሊበግ ምንድን ነው?

ሜሊበግ የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን ዱቄት የለበሰ ነፍሳት እንደማለት ነው። የግብርና ባለሙያዎቻችንም በዚሁ ስም ስለሚጠሩት እኔም እንደዚያው እጠራዋለሁ። ሜሊበጎች ከክሽክሾችና ከነጭ ዝንቦች ጋር የሚዛመዱ፣ እንደ መርፌ በቀጠነ አፋቸው የተክልን ፈሳሽ እየመጠጡ የሚኖሩ ነፍሳት ናቸው። ሳይንስ የሚያውቃቸው ዝርያዎች ወደ 2,000 ይደርሳሉ፤ ሁሉም ፕሲውዶኮኪዴ በተባለ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ።

ሴቷ ክንፍ የላትም። ሙሉ አካል ከሆነች በኋላም ቅርጿ የሕፃንነቷን ይመስላል፤ ሰውነቷን ከራሷ በሚመነጭ ነጭ ሰም ትሸፍናለች። ወንዱ በአንጻሩ ክንፍ የሚያወጣ፣ አፍ የሌለው፣ ስለዚህም የማይመገብ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚኖር ደቃቅ ፍጡር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የአንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ለማመን ይቸገራል። ወንዱ በቀላሉ ስለማይገኝ ምደባው በዋናነት የሚሠራው በሴቷ አካል ላይ ነው። ከተክል ወደ ተክል የሚጓዙት ግን በአብዛኛው አዲስ የተፈለፈሉት ባለ ስድስት እግር ጫጩቶች ናቸው፤ እነሱን ነፋስ፣ ጉንዳን፣ የሰው ልብስና ከሁሉም በላይ የሰው እጅ ያጓጉዛቸዋል።

ሜሊበግ የሚመጠውን ስኳር በሙሉ አይጠቀምበትም። ትርፉን እንደ ማር በሚያጣብቅ ፈሳሽ መልክ ያስወግዳል። ይህን ፈሳሽ ጉንዳኖች ይወዱታል፤ በምላሹም ሜሊበጉን ከጠላት ይጠብቁታል፣ አንዳንዴም ተሸክመው ወደ ሌላ ተክል ያደርሱታል። ጉንዳን ያልደረሰበት ፈሳሽ ላይ ደግሞ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። ስለዚህ ገበሬው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ጉንዳኑን ወይም ጥቁረቱን ነው፤ ሜሊበጉ ራሱ ተሸሽጓል።

በቀርከሃ አንጓ ውስጥ ያለው ዓለም

ቀርከሃ ለመሸሸግ የተመቸ ተክል ነው። አዲስ የሚበቅለው አገዳ በየአንጓው ላይ በልባስ ይታቀፋል፤ በልባሱና በአገዳው መካከል ያለው ጠባብ ክፍተት እርጥብ፣ ጨለማና ከዝናብ የተጠበቀ ነው። የቀርከሃ ሜሊበጎች የሚኖሩት በዚያ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ለምደባ ባለሙያዎች ትልቅ ትምህርት የሆነው አንቶኒና የተባለው ወገን ነው። ወገኑን በ1875 የሰየመው ፈረንሳዊው ቪክቶር ሲኞሬ ነበር። የአንቶኒና ጫጩት ስትፈለፈል እግር አላት፤ ከልባሱ ሥር ገብታ አፏን ከተከለች በኋላ ግን ቆዳዋን ስትለውጥ እግሮቿን ታጣለች። ከዚያ በኋላ እስከ ሞቷ ድረስ ከዚያች ስፍራ አትንቀሳቀስም። ነጭ ከረጢት በራሷ ዙሪያ ትሠራለች፤ ቆሻሻዋን ደግሞ ከኋላዋ በሚወጣ ረጅም የሰም ቱቦ ከቤቷ ውጭ ትጥላለች። ከረጢቱን ስትገልጡት ውስጡ ጥቁር ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ድቡልቡል አካል ታገኛላችሁ።

በዓለም ላይ በቀርከሃ ከሚታወቁት አንዱ አንቶኒና ክራዊ ነው። ቴዎዶር ኮከሬል በ1900 ሲሰይመው በካሊፎርኒያ የተክል ኳራንቲን ኃላፊ የነበረውን አሌክሳንደር ክሮውን አስቦ ነው። ይህ ስም ራሱ ታሪክ ይነግረናል፤ ተባዩ በኳራንቲን ሠራተኛ ስም መጠራቱ ቀርከሃ ከእስያ በመርከብ ሲጓዝ ሜሊበጉም አብሮ ይጓዝ እንደነበር ያስታውሰናል።

የቅርብ ዘመዱ አንቶኒና ግራሚኒስ ግን የሚያጠቃው ሳርን ነው። እኛም ለመኖ የምንዘራው ሮደስ ሳር አንዱ ሰለባው ነው። በቴክሳስ በ1940ዎቹ ተከስቶ የግጦሽ መሬት ካደረቀ በኋላ በ1959 ከህንድ አንዲት ጥቃቅን ጥገኛ ተርብ ተወሰደችለት። የዚህች ተርብ ሴት መብረር ስለማትችል ሳሩን ከነተርቧ በአውሮፕላን እየበተኑ አሰራጯት፤ ተባዩም ተገታ። ሁለቱ አንቶኒናዎች በዓይን ሲታዩ ሁለቱም ነጭ ነጠብጣብ ናቸው። አንዱ የቀርከሃ፣ ሌላው የሳር ጉዳይ መሆኑ የሚለየው በማይክሮስኮፕ ብቻ ነው።

ሌላው ኬቶኮከስ ባምቡሴ ነው። የኒውዚላንዱ ዊሊያም ማስኬል በ1893 ሲገልጸው ስፌሮኮከስ በተባለ ወገን ውስጥ አስገብቶት ነበር። ከላይ የጠቀስኩትን የሳር ሜሊበግም በ1897 የገለጸው እሱው ነው፤ ያኔም በዚያው ወገን ውስጥ ነበር ያስገባው። ሁለቱም ድቡልቡልና እግር አልባ ስለሆኑ አንድ ላይ መመደባቸው የሚያስገርም አልነበረም። ኋላ የመጡ ባለሙያዎች ግን በሁለት ልዩ ልዩ ወገኖች ለይዋቸዋል። እግር ማጣት ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም፤ ጠባብ ቤት የሚኖር ሁሉ እግሩን ሊያጥፍ ይችላልና።

እግር ያላቸውም የቀርከሃ ሜሊበጎች አሉ። ጃፓናዊው ታካሃሺ በ1951 ከኩዋላ ሉምፑር ስም ወስዶ የሰየመው ፓልሚኩልቶር ሉምፑሬንሲስ አንዱ ነው። በ2007 ደግሞ ፔሊዛሪና ዳንዚግ የተባሉ ሁለት የዘርፉ ሊቃውንት ባላኖኮከስ ክዎኒ የሚባል አዲስ የቀርከሃ ሜሊበግ ሲያስተዋውቁ በዚያው ጽሑፍ ይህን የታካሃሺን ዝርያ አብረው መርምረዋል። አዲስ ስም የሚሰጥ ሰው ጎረቤቱን ሳይመረምር ድንበር ሊያሰምር አይችልም።

ተክሉም ስም አለው

ነፍሳቱን ለመለየት የሚኖርበትን ተክልም መለየት ግድ ነው። በአማርኛ ቀርከሃ ስንል ሁለት ተክል እንጠራለን። የቆላው ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ነው፤ ጠንካራ በትር የሚወጣውም ከእሱ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ ሲሆን የአገራችንን ስም ይዟል። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው፤ በእንጅባራ ዙሪያና በሌሎች ደጋዎች በየጓሮው የምናየው እሱ ነው። በ1895 አሩንዲናሪያ አልፒና ተብሎ ተሰየመ፤ ከዚያ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ወገን ሲመደብ ቆየ፤ በ2013 ክሪስ ስቴፕልተን ኦልዲያኒያ የተባለ አዲስ ወገን ሰጥቶት ዛሬ ኦልዲያኒያ አልፒና ይባላል። ኦልዲያኒ በታንዛኒያ የሚገኝ ተራራ ነው፤ ስሙም ከማሳይ ቋንቋ የተገኘና ቀርከሃ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ የቀርከሃ ሽፋን ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ ከአፍሪካም ቀዳሚው ነው። በአንድ የመረጃ ወረቀት ላይ «ከቀርከሃ ላይ የተገኘ» ብሎ መጻፍ ታዲያ በቂ አይደለም። የቱ ቀርከሃ? የደጋው ወይስ የቆላው? ወይስ በቅርቡ ከውጭ የገባ? ይህ ካልተጻፈ ናሙናው ግማሽ ዋጋውን ያጣል።

ሰሙን ገፎ ወርቁን ማየት

እኛ በቅኔ አገር ነው የምንኖረው፤ ስለዚህ የምደባውን ሥራ ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም። ሜሊበግ ቃል በቃል ሰም ለብሷል። ሰሙ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ከሥሩ ነው።

በቤተ ሙከራ ሥራው እንዲህ ነው። ናሙናው በአልኮል ተጠብቆ ይመጣል። በሰውነቷ ጎን ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይደረግና 10 በመቶ በሆነ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሁድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ የውስጥ አካሏ ሟሙቶ ይወጣል፤ ሰሟም ይወገዳል። የሚቀረው እንደ መስታወት የጠራ ቆዳ ብቻ ነው። ቆዳው ቀይ ቀለም ይነከርና ካናዳ ባልሳም በሚባል የዛፍ ሙጫ በስላይድ ላይ ይታሸጋል። በአግባቡ የታሸገ ስላይድ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል።

በማይክሮስኮፕ ሥር የምንቆጥራቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ የአንቴናው አንጓዎች ብዛት፤ በሰውነቷ ጠርዝ ዙሪያ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደረደሩ፣ በብዙ ዝርያዎች እስከ 18 ጥንድ የሚደርሱ የእሾህ ስብስቦች፤ ሰም የሚያመነጩ ባለ ሦስት ቀዳዳና ባለ ብዙ ቀዳዳ ነጥቦች፤ የትንንሽ ቱቦዎች ዓይነትና አቀማመጥ፤ በጀርባዋ ላይ ያሉ ከንፈር መሰል ክፍተቶች፤ በሆዷ ላይ ያለው ክብ ምልክት፤ የኋላ እግሯ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጥቦች። ሥዕሉም የራሱ ሥርዓት አለው፤ የነፍሳቱ አካል መሐል ለመሐል ተከፍሎ በግራ በኩል ጀርባዋ፣ በቀኝ በኩል ሆዷ ይሣላል። ይህን ሥርዓት ያወቀ ሰው ጽሑፉ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ሥዕሉን ያነበዋል።

የእንሰት ሥር ሜሊበግ፤ የእኛው ታሪክ

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። እንሰት ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚመገበው ወይም ኑሮውን የሚደግፍበት ተክል ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጌዴኦ፣ በወናጎ አካባቢ በእንሰት ሥር ላይ ነጭ ሜሊበግ መገኘቱ ተዘገበ። ዘገባውን ያቀረቡት ዶክተር ፀደቀ አባተ ሲሆኑ ነፍሳቱ ያኔ ፓራፑቶ በተባለው ወገን ውስጥ የሚገኝ፣ ዝርያው ያልተለየ ሆኖ ተመዘገበ።

የተጠቃ እንሰት እድገቱ ይገታል፣ ቅጠሉ ይደርቃል፣ ሥሩ ስለሚሞት በእጅ ሲጎትቱት ያለ ችግር ይነቀላል። ገበሬው የሚያየው የቅጠሉን መጠውለግ ነው። የእንሰት አጠውላጊ ባክቴሪያ የሚያስከትለውም መጠውለግ ነው፤ የሁለቱ መፍትሔ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። አፈሩን ቆፍሮ ሥሩን ያላየ ሰው አንዱን በሌላው ሊተካው ይችላል።

በ1999 ሁለት ባለሙያዎች፣ የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዳግላስ ዊሊያምስና የፓሪሱ ሙዚየም ዳኒኤል ማቲል ፌሬሮ፣ ይህን ነፍሳት ለሳይንስ አዲስ ዝርያ መሆኑን አረጋግጠው ካታኤኖኮከስ እንሰቴ ብለው ሰየሙት። ኋላም ካታኤኖኮከስ የተባለው ወገን ከፓራፑቶ ጋር ሊነጠል እንደማይገባ በመታመኑ ዛሬ ስሙ ፓራፑቶ እንሰቴ ሆኗል። ልብ በሉ፤ በወገን ደረጃ ወደ መጀመሪያው ዘገባ ተመልሷል። ይህ መንከራተት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ልዩነት አለ። በመጀመሪያ «ከዚያ ወገን አንዱ» ነበር፤ አሁን የራሱ ስም፣ የራሱ ሥዕል፣ የራሱ መግለጫ አለው። ከዚያ ወዲህ በሐዋሳና በሌሎች ቦታዎች የተደረጉ ጥናቶች ስለ ስርጭቱ፣ ስለ ጉንዳኖቹና ስለ መከላከያው ሲነጋገሩ ሁሉም ስለ አንድ ፍጡር መነጋገራቸውን ያውቃሉ።

ጥናቶቹ ካሳዩት ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ተባዩ ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚዛመተው በዋናነት በችግኝ ነው። ገበሬው ከጎረቤት ወይም ከገበያ የሚያመጣው የእንሰት ፍል ሥሩ ላይ ሜሊበጉን ይዞ ይመጣል። እንግዲህ ወደ ቀርከሃ ስንመለስ ነገሩ ይመሳሰላል። የደጋ ቀርከሃ በተለመደው ዘዴ የሚባዛው ከነሥሩና ከነአገዳው ተቆፍሮ በሚተከል ክፋይ ነው። በአገዳው ላይ አንጓ አለ፤ በአንጓው ላይ ልባስ አለ፤ በልባሱ ሥር ምን እንዳለ ሳይታይ ክፋዩ በአህያ ወይም በመኪና ይጫናል።

ምስክር ናሙና

አንድ ስም በዘፈቀደ አይጸናም። በእንስሳት ስያሜ ሕግ መሠረት መነሻው የሊኒየስ የ1758 መጽሐፍ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጣ ማንኛውም ስም ታትሞ፣ ተገልጾና በአንድ ምስክር ናሙና ላይ ተመሥርቶ መገኘት አለበት። ይህ ናሙና በሙዚየም ይቀመጣል። ሁለት ሊቃውንት ስለ አንድ ዝርያ ቢከራከሩ የሚዳኛቸው መጽሐፉ ሳይሆን ያ ናሙና ነው።

ለዚህ አድማጭ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓን የትም አገር የተማረ ደቀ መዝሙር በዜማው ቢጠራጠር፣ ወይም መምህርነቱን ማጽናት ቢፈልግ፣ ወደዚያች ስፍራ ሄዶ ከተመሰከረለት ጋር ያስተያያል። ቅጂው ብዙ ነው፤ ምስክሩ ግን የታወቀ ስፍራ አለው። የምደባ ሳይንስም የቆመው በተመሳሳይ ልማድ ላይ ነው።

ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፈው የሰያሚው ስምና ዓመት ለክብር ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ወደ ምስክሩ የሚያደርስ አድራሻ ነው። የሰያሚው ስም በቅንፍ ውስጥ ከሆነ ዝርያው ከመጀመሪያው ወገኑ ወደ ሌላ መዛወሩን ያመለክታል። የእንሰቱ ሜሊበግ ሰያሚዎች ዛሬ በቅንፍ የሚጻፉት በዚህ ምክንያት ነው።

የተሳሳተ ስም ዋጋ

ስም ከተሳሳተ ምን ይጠፋል? ሁለት የአፍሪካ ታሪኮች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የኬንያ ቡና ነው። በ1920ዎቹ በኬንያ ደጋ ሜሊበግ ቡናውን አጠቃ። ባለሙያዎች አስቀድሞ በዓለም የታወቀ የእስያ ዝርያ ነው ብለው ስላመኑ ለዓመታት የተፈጥሮ ጠላቱን በእስያ ሲፈልጉ ቆዩ። የመጡት ጥገኛ ነፍሳት አልሠሩም። በ1935 ለ ፔሊ ነፍሳቱ ሌላ ዝርያ መሆኑን አሳይቶ በኬንያ ስም ሰየመው፤ ዛሬ ፕላኖኮከስ ኬኒዬ ይባላል። ከዚያ ፍለጋው ወደ ጎረቤት ኡጋንዳ ዞረ፤ በ1938 ከዚያ የመጡት ጥገኛ ተርቦች ተባዩን ተቆጣጠሩት። መድኃኒቱ በድንበር ማዶ ሳለ ውቅያኖስ ተሻግሮ የተፈለገው በስም ስህተት ብቻ ነበር።

ሁለተኛው የካሳቫ ሜሊበግ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኮንጎ ወንዝ ግራና ቀኝ ተከስቶ በጥቂት ዓመታት የካሳቫ ተመጋቢ አገሮችን አዳረሰ። ከላይ የጠቀስኳት ማቲል ፌሬሮ በ1977 ፌናኮከስ ማኒሆቲ ብላ ሰየመችው። ካሳቫ የደቡብ አሜሪካ ተክል ስለሆነ ጠላቱን ፍለጋ ወደዚያ ተሄደ፤ በሰሜኑ ክፍል በጣም የሚመስለው ሜሊበግም ተገኘ። ነገር ግን ከእሱ የተወሰዱት ጥገኛ ነፍሳት የአፍሪካውን አልነኩም። በ1981 ኮክስና ዊሊያምስ መርምረው የሰሜኑ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን አረጋገጡ፤ ፌናኮከስ ሄሬኒም ተባለ። አንዱ ወንድና ሴት ያለው፣ ሌላው ሴቶች ብቻቸውን የሚራቡበት ነው። በዚያው ዓመት አንቶኒ ቤሎቲ እውነተኛውን ዝርያ በፓራጓይ አገኘው፤ ከዚያም አናጊሩስ ሎፔዚ የተባለችው ተርብ ተወስዳ በናይጄሪያ ተለቀቀች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተሰራጭታ ተባዩን ገታችው። ሥራውን የመራው ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ። ሽልማቱ ይገባዋል፤ ነገር ግን በማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብለው ቀዳዳ የቆጠሩት ሰዎች ባይኖሩ ተርቧ የት እንደምትፈለግ አይታወቅም ነበር።

ከጣራ ገዳም እስከ ጉና

ይህ ሁሉ ለደቡብ ጎንደር ምን ይላል? ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ የሚገኘው የጣራ ገዳም ደን፣ ወይራው፣ ብሳናውና አጋሙ፣ በዙሪያው ካለው እርሻ ተለይቶ የቀረ የጥንቱ ደጋ ምስል ነው። በዞናችን ከ1,400 በላይ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ብዙዎቹም የራሳቸው ደን አላቸው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በ28ቱ ላይ ባደረጉት ጥናት በጠቅላላው በ500 ሄክታር ገደማ 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል። ዕፅዋቱ በዚህ መጠን ከተመዘገቡ በእነሱ ላይ የሚኖሩትን ነፍሳት መመዝገብ ተከታዩ ሥራ ነው።

ለምን ይጠቅማል? ነገ በቀርከሃችን ላይ ነጭ ተባይ ቢበዛ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ከጥንት የነበረ ነው ወይስ አዲስ መጤ?» የሚል ነው። የጥንቱ ከሆነ የተፈጥሮ ጠላቶቹም እዚሁ አሉ፤ ምናልባት ያጠፋናቸው በመድኃኒት ርጭት ይሆናል። መጤ ከሆነ ጠላቱ የሚፈለገው በመጣበት አገር ነው። ያልተነኩት ደኖች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ የቆዩ መዛግብት ናቸው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። ልባሱን በጥንቃቄ ገልጡ። ሜሊበጉን ከነተቀመጠበት ቁራጭ በ80 በመቶ አልኮል ውስጥ ጨምሩት፤ በጣት አትልቀሙት፣ አፉ ይሰበራልና። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የተክሉን ዓይነት፣ የተገኘበትን የተክል ክፍልና አብሮት ያለውን ጉንዳን በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን እዚያው አልኮል ውስጥ ክተቱት፤ የእስክሪብቶ ቀለም ይሟሟል። ነጭ ነጥብ ያለባቸውን ቀዳዳ ያላቸው ሙሚዎች አትጣሉ፤ ጥገኛ ተርብ ከውስጣቸው ወጥታ ሊሆን ይችላል። ለግብርና ባለሙያዎች ደግሞ፤ የቀርከሃ ክፋይ ወይም የኮባ ፍል ከቦታ ወደ ቦታ ከመጓዙ በፊት ልባሱ ይገለጥ፣ ሥሩ ይታጠብ፣ ይታይ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከተሰብሳቢው የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፤ መምህር፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት አይበቃም?

መልስ፤ ፎቶው ጠቃሚ ነው፤ ቦታውንና የጉዳቱን ዓይነት ያሳያል፤ ሜሊበግ መሆኑንም ብዙ ጊዜ ያረጋግጣል። ዝርያውን ግን አያሳይም፤ ፎቶ የሚያነሣው ሰሙን ነውና። ፎቶውን አንሡ፣ ናሙናውንም ውሰዱ።

ጥያቄ፤ ልጄ፣ በገዳም ደን ውስጥ ያለ ፍጥረት አይነካም። ለትምህርት ነው ብላችሁ ስትሰበስቡ ሥርዓቱ እንዴት ይሆናል?

መልስ፤ አባታችን፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ደኑ የቆየው በእናንተ ጠባቂነት ነው፤ እኛ ያቆየነው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ፈቃድ እንጠይቃለን፤ ካልተፈቀደ አንገባም። ከተፈቀደ ቅርንጫፍ አንቆርጥም፤ ለመለየት የሚያስፈልገው ጥቂት ሴት ሜሊበግ ብቻ ነው። ያገኘነውንም በአማርኛ ጽፈን ለገዳሙ እንመልሳለን።

ጥያቄ፤ እነዚህ የላቲን ስሞች ለእኛ ገበሬ ምን ይጠቅሙታል? የራሳችን ስም አይሻልም?

መልስ፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ገበሬያችን ለተክሉም ለተባዩም ስም አለው፤ ያ ስም በልባሱ ሥር ምን እንዳየ የሚነግረን የመጀመሪያው መረጃ ነው። የሳይንሱ ስም ደግሞ የወናጎውን ገበሬ፣ የሐዋሳውን ተመራማሪና የፓሪሱን ሙዚየም ያገናኛል። ደግሞም ሁሉም ባዕድ አይደለም። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ «እንሰት» የሚለውን ቃል ከሕዝቡ ሰምቶ በመጽሐፉ አሰፈረው፤ በ1791 ግሜሊን የተባለው የጀርመን ሊቅ ያንኑ ቃል ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም አደረገው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ሜሊበጉ ያንኑ ቃል ወረሰ። የሰው ልጅ በየትኛውም ቋንቋ የእንሰትን ሥር ሜሊበግ በሳይንሳዊ ስሙ ሲጠራ እኛን ቃል አበድሩን ሳይል አይቀርም። ከቀርከሃችን ልባስ ሥር የሚገኘውም አዲስ ዝርያ ከሆነ ስሙን የሚያወጣው የሚያገኘውና በትክክል የሚገልጸው ሰው ነው፤ ያ ሰው ከዚህ አዳራሽ ቢወጣ ደስታዬ ነው።